የዘለልኩት መስመር

እኔ ወሬ የማበዛ ልጅ ነኝ። ይሄን ቆቦ በሙሉ ያውቀዋል። ትምህርት ቤት እያለሁ መምህራችን "ሲቲ፣ እባክሽ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አፍሽን አሳርፊው" ይሉኝ ነበር። ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ። እንደዚያ የማይዘጋ አፌ፣ መናገር በነበረበት በአንድ ቀን ተዘጋ። ዝም ብቻ ቢል እኮ ደግ ነበር። ውሸት ተናገረ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዘግይቼ ስለገባሁ ስምንተኛን ስጨርስ አስራ ስምንት ሆኖኝ ነበር። ጨርሼ ቤት ቁጭ አልኩ፤ ያ ክፉ ጊዜ ደግሞ ከኔ ጋር ቁጭ አለ። ዝናቡ ቀረ፣ ማሽላው ከአገዳው ሳያልፍ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ ከየቆላው እየወጣ መኪና መንገዱ ዳር ወደቀ። ስለሱ ብዙ አላወራም። ያየ አይቶታል፣ ላላየ ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም። ስልሳ ስድስት ጥር ላይ ነው እርዳታው ደህና መምጣት የጀመረው። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ስንዴና ፋፋ ይታደል ጀመር፤ እኔም እዚያው ሥራ አገኘሁ። ሕፃን እመዝናለሁ፣ ስም እጽፋለሁ፣ ማታ ለቤት የምትሆን ዱቄት ቋጥሬ እገባለሁ።

ሐኪሙ ይርጋ ይባላል። ሐኪም የምለው ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ስለሚለው ነው እንጂ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ መርፌ የሚወጋ የጤና ረዳት ነበር። የጎንደር ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሲጨንቀው መነጽሩን በካፖርቱ ጫፍ የሚወለውል። የኛ አገር ሴቶች ባዕድ ወንድ ፊት ስለ ገላቸው አይነጋገሩም። እሱ ይሄን አውቆ የራሱን ዘዴ አበጀ። መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወጥቼ ግራሩ ስር ለተቀመጡት ሴቶች እናገራለሁ። ጥያቄ ካላቸው ለእኔ፣ እኔ ተመልሼ ለእሱ። ስለ ተቅማጥ እንዲህ ነገርናቸው፤ ውሃ ስለ ማፍላትም፣ ስለ እከክም። ሴቶቹ "የሐኪሙ አፍ መጣች" ሲሉኝ ወላሂ አንድ ክንድ እረዝም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠራኝና በሩን ገርበብ አደረገው።

"ሲቲ፣ የዛሬው ከበድ ይላል።"

"ኩፍኝ ገባ እንዴ?"

"አይ። ወሊድ ስለ ማቆየት ነው።" መነጽሩን መወልወል ጀመረ። "ባለቤቴ ደሴ ባትሄድ እሷ ትነግራቸው ነበር። ከአንቺ ሌላ ማንበብ የምትችል ሴት የለችኝም። በአዋጅ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። ርሃቡ ገና አልወጣም። አሁን ያረገዘች ሴት ሁለት ነፍስ ይዛ ነው የምትወድቀው።"

ጻፍኩ። ቀና ሳልል ጻፍኩ። ክኒን አለ፣ በየቀኑ ሳይዘለል የሚዋጥ፣ ግን ለምታጠባ እናት ወተቷን ስለሚቀንስ አይሰጥም። ሉፕ አለ፣ ማህፀን ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ፕላስቲክ፣ ለዓመታት የምትበቃ፣ እሷን ለማስገባት ደሴ ድረስ መሄድ ነው። ላስቲክ አለ፣ ወንዱ የሚለብሰው፣ ለምታጠባም የማይጎዳ፣ እዚሁ ካርቶን ሙሉ አለ። ማጥባት ለጊዜው ይከላከላል፣ ልጁ ሌላ ምግብ ከጀመረ ግን አይታመንም።

"አሁን የምልሽን አስምሪበት" አለኝ። "እዚህ አገር ሁሉም የሚያደርገው እሱን ስለሆነ። ወንዱ ሊጨርስ ሲል ወጥቶ ውጭ የሚያፈሰው። ከምንም ይሻላል፣ ግን አያስተማምንም። ወንዱ ሳይሰማው ቀድሞ ጠብ የሚል እርጥበት አለ፣ እሱም ሊያስረግዝ ይችላል። በዚያ ላይ ሁልጊዜ አይደርስም። እንዲህ እያደረጉ ከሚኖሩ መቶ ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ የሚሆኑት ያረግዛሉ።"

ጻፍኩት። አሰመርኩበትም።

ስወጣ ግራሩ ስር አስራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ተቀምጠዋል። ከፊት ታላቅ እህቴ ኡሙሃኒ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጇን ጡት አጉርሳ፤ አራተኛ ልጇ ነው። ከሷ ጎን ደግሞ፣ ያ ረቢ፣ እማ ራቢዓ! እማ ራቢዓ ማለት የሰፈራችን ትልቅ ሴት ናት። ለልጇ እኔን አስባ ሽማግሌ ልትልክ ነው ተብሎ ቤታችን ውስጥ ሲንሾካሸኩ ሰምቻለሁ። እኔም ልጁን አልጠላውም ነበር። በቃ፣ ይሄን ያህል ልንገራችሁ።

ጀመርኩ። ክኒኑን ተናገርኩ፣ ሉፑን ተናገርኩ፣ ላስቲኩ ላይ ስደርስ ድምፄ ቀጠነ።

"ምኑ ላይ ነው የሚለብሰው?" አለች አንዷ።

"እንግዲህ እጁ ላይ አይሆንም!" አለች ሌላዋ፤ ግራሩ ስር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነበር፤ ልጆቹ እንኳ ደንግጠው አዩን። እኔ ግን ጆሮዬ ነደደ። መሬት መሬት እያየሁ ደብተሬን ልዘጋ ስል እማ ራቢዓ ጣቷን አነሳች።

"ቆይ እስቲ ልጄ። የኛ ሰዎች ላስቲክ አያውቁ፣ ክኒን አያውቁ። ዐዝል ነው የሚያውቁት። ኪታብ ቤትም ተምረውታል። እሱስ? ሐኪሙ ስለሱ ምን አለ?"

ዐዝል ማለት ያው ሐኪሙ አስምሪ ያለኝ ነው። ጽሑፉ ዓይኔ ስር ነበር። ጠብ የሚል እርጥበት፣ ወንዱ ሊጨርስ ሲል... ይሄን እኔ፣ ያላገባሁ ልጅ፣ አማቴ ልትሆን ያለች ሴት ፊት? "አንብቢው እንጂ" አለ ሆዴ። አፌ ግን ሌላ አለ፦

"እሱማ ይበቃል። ወንዱ ካወቀበት ምንም የለውም።"

"አልሃምዱሊላህ፣ እንግዲያ ምን ያደክመናል!" አለች እማ ራቢዓ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እያራገፉ ተነሱ። ያን ቀን ካርቶኑ ውስጥ ካለው ላስቲክ አንድም የወሰደች የለችም። ሐኪሙ "ጥያቄ አልነበራቸውም?" አለኝ። "የለም፣ ገብቷቸዋል" አልኩት።

ይሄ አንድ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው፣ እሱን ለማውራት እስካሁን ምላሴ ይተሳሰራል።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ኡሙ እኛ ቤት መጣች። ባሏ ዘይኑዲን በሕይወት የተረፉለትን ሁለት ግመሎች ይዞ ከዞብል ተራራ ወዲያ አፋሮቹ ዘንድ ወርዶ ከርሞ ያኔ ተመልሶ ነበር። ጨው ሲያመላልስ፣ ሲጭን፣ እንዲያ እያለ ነው የሚኖረው። ኡሙ ልጇን እያባበለች ዝቅ ባለ ድምፅ አለችኝ፦

"ሲቲ፣ ያ ያልሽው ነገር እርግጥ ነው? ዘይኑ ላስቲክ አላደርግም፣ እኔ እጠነቀቃለሁ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። ይሄ ልጅ እንኳ በጡቴ ብቻ ነው የቆመው።"

እዚህ ጋ ማንም አልነበረም። እማ ራቢዓ የለች፣ ወንድ የለ። እህቴና እኔ ብቻ። ግን አሁን እውነቱን ብነግራት ያን ቀን መዋሸቴ ይታወቃል አይደል? "ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽ?" ትለኛለች። እሱ አሳፈረኝ። የመጀመሪያውን እፍረት በሁለተኛው ሸፈንኩት።

"ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው እታለም፣ አትፍሪ" አልኳት።

ግንባሬን ሳመችኝ። ምነው ያን ቀን በጥፊ ብላኝ በሄደች።

ዘይኑዲን እስከ የካቲት አጋማሽ ቆይቶ ተመልሶ ወረደ። ሚያዝያ ላይ ሐኪም ይርጋ ሰቆጣ ተዛወረ፤ በቦታው የመጣው ሰው ደግሞ መርፌ መውጋት እንጂ ማውራት የማይወድ ነበር። ግንቦት ላይ ኡሙ ሕፃን ልታስመዝን ስትመጣ ልጁ ጡት ፍለጋ ይጮሃል፣ እሷ ግን አትሰጠውም።

"ምነው?" አልኳት።

"ወተቴ ተበላሽቷል። የእርግዝና ወተት ልጅ ያሳምማል" አለችኝ። አላየችኝም። እኔም አላየኋትም። ሚዛኑን ነበር የማየው። ሚዛኑ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ከዶሮ አይከብድም። ወተቱ ምንም አይሆንም፣ ስጪው ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አፌን መክፈት ራሱ ፈራሁ። ፋፋውን ግን ከልኩ አብዝቼ ሰጠኋት።

ዘይኑዲን ሰኔ ላይ ሲመጣ የኡሙ ሆድ በሻሽ አይሸፈንም ነበር።

እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን መናገር አለብኝ። በዚያ ችግር ወቅት ሚስቱን ጥሎ ያልጠፋ ባል ነው። ግን እዚያ በረሃ ለአራት ወር ጭንቅላቱን ፀሐይ ሲመታው የከረመ ሰው፣ ሲመጣ ሰው ምን ይለዋል? "ክሊኒኩ ግቢ ያለው የስንዴ መጋዘን ጠባቂ ለሚስትህ ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የሚሰፍርላት" ይሉታል። ሞልቶ የሚሰፍርላት አራት ልጅ ይዛ ስለሚያያት ነው። ማን ይስማ?

በሦስተኛው ቀን ጉዳዩ አባቴ ቤት መጣ። አባቴ ኪታብ የቀራ፣ ሃይማኖቱን የተማረ ሰው ነው። አበጋሩ አባ ውዱም መጡ፤ በኛ አገር ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ካሉ በኋላ ነገር አይነሳም። ሁለት ሽማግሌ ተጨመሩ። ዱኣ ተደረገ። እኔና ኡሙ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ አልን፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ሴት ከተጠየቀች ብቻ ነው የምትመልስ፣ ያላገባች ልጅ ደግሞ ጭራሽ የለችም።

"ፍቺ ነው የምፈልገው" አለ ዘይኑዲን። "ልጆቹን ዋጃ እናቴ ዘንድ እወስዳለሁ። የእርዳታ ካርዱ በስሜ ነው፣ እሱም ከኔ ጋር ይሄዳል። እሷ ያስረገዛት ያብላት።"

ኡሙ እጄን ያዘችው። ካርድ የሌላት እርጉዝ ሴት በዚያ ሰሞን ምን እንደምትሆን መኪና መንገዱ ዳር አይተነዋል።

"ሚስትህ አይደለችም ወይ? የካቲት ላይ ቤትህ አልነበርክም ወይ?" አሉ አባ ውዱ።

"ነበርኩ። ግን ተጠንቅቄያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልሳትኩም። ወላሂ አልሳትኩም።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዘይኑ፣ ዐዝል የተፈቀደ ነው። ግን አላህ እንድትመጣ የሻት ነፍስ ትመጣለች፣ የሚያግዳት የለም። ኪታቡ ላይም ያለው ይኸው ነው።"

"ኪታቡን አልካድኩም አባቴ። ግን እዚሁ ቤት ያለችው ልጅዎ አይደለችም እንዴ ከሐኪም አፍ ሰምታ ክሊኒኩ ግቢ ያወጀችው? 'ይበቃል፣ ምንም የለውም' አላለችም? ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። ሐኪም ዋሸ ልበል?"

አባቴ መሬት መሬቱን አየ፤ በኔ ሲኮራ የኖረ ሰው ነዋ፣ "ልጄ የሐኪሙን ነገር ሁሉ ታውቃለች" እያለ።

ኡሙ ወደ እኔ ዞረች። እሷ እኮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሷን ነበር የምትጠራጠረው፤ ምን ዓይነት ገላ ነው ያለኝ፣ ለሌላው የሚሠራው ለኔ የማይሠራ፣ ትል ነበር።

ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ከጥግ ያኖርኩትን የክሊኒክ ደብተሬን ይዤ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

"ምንድነው ይሄ?" አለ አባቴ።

"ሐኪሙ እንደዚያ አላለም" አልኩ። "እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ደብተሩን ገለጥኩ። ዘይኑዲን እጁን ዘረጋና በመዳፉ ከደነው። "ማናችን የአማርኛ ፊደል እናነባለን? ጽሑፉ የራስሽ ነው። እህትሽን ለማዳን ትናንት ማታ ጽፈሽው ቢሆንስ? ሐኪሙ የለ፣ ሰቆጣ ሄዷል። ወረቀቱን አስቀምጪና ንገሪኝ። ወደዚህ ዞረሽ።"

ወደዚያ ዞርኩ። አባቴ ፊት ለፊት ነበር። ያላገባሁ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ፊት ቆሜያለሁ፣ ሌላ አራት ወንድ ያየኛል፣ ሻሼ ከራሴ ተንሸራቶ አንገቴ ላይ ወድቋል፣ እሱን እንኳ ማንሳት ረሳሁ።

ተናገርኩት። ወንዱ ወጥቶ ውጭ ሲያፈስ ከዚያ በፊት፣ ሳይሰማው፣ የሚወርድ እርጥበት እንዳለ። እሱም ሊያስረግዝ እንደሚችል። በጣም የተጠነቀቀ ሰው እንኳ ተጠንቅቄያለሁ እያለ እንደሚያመልጠው። ከመቶ ሴት ሃያዋ በዓመት ውስጥ እንደምታረግዝ፣ ሁሉም ባላቸው የተጠነቀቀላቸው። ሐኪሙ የተናገረውን ቃል አንድ በአንድ፣ ሳልቀንስ። ድምፄ አልጠፋም፤ ዕድሜ ለወሬኛነቴ።

"ከመቶ ሃያ?" አለ ዘይኑዲን።

"ከመቶ ሃያ።"

"ታዲያ ለምን ዋሸሽ?"

"አፍሬ።"

"አፍረሽ?" ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ። "ወይም ዛሬ ነው የምትዋሺው። እህትሽ ናታ።"

ያኔ አባ ውዱ ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። "ዘይኑዲን፣ ስማኝ። ይቺ ልጅ ውሸት ብትፈልግ 'ሐኪሙ አንዳንዴ ይስታል ብሎኛል' ብላ መጋረጃው ውስጥ ቁጭ ማለት ትችል ነበር። ያላገባች ልጅ አባቷ ፊት ቆማ ይሄን ሁሉ የተናገረችው ለውሸት አይደለም። ከዛሬ በኋላ እሷን የሚያጭ ቤት እንደሌለ አንተም እኔም እሷም እናውቃለን። ይሄን ከፍላ ውሸት የምትገዛ የለችም።"

አባቴ ሸማውን ወደ ፊቱ ስቦ ተከናነበ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲከናነብ ያየሁት እናቴ የሞተች ቀን ነው።

ዘይኑዲን ጣቶቹን እያጠፈ ቀን ሲቆጥር አየሁት። በመጨረሻ "ፍቺውን ትቻለሁ" አለ። ይቅርታ አላለም። "መጋዘኑ" የሚለውን ቃልም መልሶ አላነሳም። ዱኣ ተደርጎ ተነሱ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብትሉ፣ የእማ ራቢዓ ሽማግሌ አልመጣም። እሷም ክሊኒክ ስትመጣ የልጅ ልጇን ሌላ ሰው እንዲመዝንላት ትጠይቃለች፤ ይባስ ብላ አንድ ቀን ጮክ ብላ "ስድ" አለችኝ። ያን ቀን ግራሩ ስር ቆሜ ለሴቶቹ ሁሉ እውነቱን ደግሜ ነገርኳቸው፣ ግማሾቹ ጆሮአቸውን ያዙ፣ ሦስቱ ላስቲክ ወሰዱ። ሁለቱ ግን አርፍደው ነበር፤ ሆዳቸውን አይቼ አውቄዋለሁ። እነሱ ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በስሜ አልጠራኝም፤ ውሃ ሲፈልግ "ውሃ" ብቻ ይላል።

ይሄ ሁሉ ይቻላል። ኡሙ ናት ያልቻልኳት።

አዳንኳት ብዬ ነበር እኮ። ለራሴ እንደዚያ ብዬ ነበር። ከጉባኤው በሳምንቱ ወንዙ አሸዋ ውስጥ ውሃ ልንቀዳ ወርደን ጉድጓዱ እስኪሞላ ቁጭ ስንል ነው የተናገረችኝ።

"ሽማግሌ ፊት የተናገርሽው ጥሩ ነው" አለች። "ግን ሲቲ፣ ያኔ ቤት መጥቼ ስጠይቅሽ ማን ነበር? ማንም አልነበረም። ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ ፍቺ የሚባል ነገር አይመጣም። ይሄም አይመጣም" አለችና ሆዷን ነካች። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ። "ይሄም ጡቱን አያጣም።"

"አውቃለሁ እታለም።"

"አታውቂም።"

ውሃው ቀስ እያለ ይሰበሰባል። በቅል መጥለቅ ጀመረች።

"ከወለድኩ በኋላስ?" አለችኝ ቀና ሳትል። "ያለውን ሁሉ ንገሪኝ። ለአንቺ የሚያሳፍርሽንም።"

ነገርኳት። ከአራስነቴ ስወጣ መቼ መጀመር አለብኝ አለች፣ መለስኩ። ላስቲኩ ቢቀደድስ አለች፣ መለስኩ። ሉፑ ሲገባ ያማል ወይ አለች፣ እሱን ሐኪሙ አልነገረኝም አላውቅም አልኳት። ስለማላውቀው ነገር አላውቅም ስል የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ።

"ዘይኑ ላስቲኩን እምቢ ካለ ደሴ ማን ይወስደኛል?"

"እኔ እወስድሻለሁ።"

እንስራዋን ሞልታ ተሸከመች። ሆዷ ከፊት፣ እንስራው ከኋላ፣ ከጀርባዋ ያወረደችውን ልጅ ደግሞ በአንድ እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችው። አቀበቱ ይታየኛል።

"ልጁን ልያዝልሽ" አልኳት፣ እጄን ዘርግቼ።

አልሰጠችኝም።